አጭር ግልቢያ ለረጅም መንገድ ዋስትና ነውን?

በነገሌ ቦረናም ሆነ በሌሎች የደቡብ ቆላ ከተሞች ፈረስ የሚገዛ ሰው በገበያው ሜዳ ሊፈትነው የሚችለው በአጭር ግልቢያ ብቻ ነው። ፈረሱ የሚፈለገው ግን የራቀ ከብት ለመከተልና በሐሩር ረጅም መንገድ ለመጓዝ ነው። በእኛ አስተያየት፣ ፈጣን አነሳስ ስለ ጽናት የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሳይንስ ፍንጭ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ተመራማሪ ኤመሊን ሂልና ባልደረቦቻቸው ቶሮብሬድ በተባሉት የእሽቅድምድም ፈረሶች ላይ የጡንቻን ዕድገት የሚገታውን የማዮስታቲን ዘረ መል መረመሩ። ከሁለቱም ወላጆቻቸው «ሲ» የተባለውን ዓይነት የወረሱት ለአጭር፣ «ቲ» የተባለውን የወረሱት ለረጅም፣ ከሁለቱም አንድ አንድ የወረሱት ደግሞ ለመካከለኛ ርቀት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ድንቅ ግኝት ነው! ሆኖም ዝንባሌን እንጂ ዕጣ ፈንታን አይናገርም፤ ያውም ለፍጥነት ሲመረጥ በኖረ አንድ ዝርያ ላይ የተገኘ በመሆኑ፣ በራሱ በቦረና ፈረስ ላይ ሳይረጋገጥ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም።

ቆላው ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ጡንቻ ከሚጠቀምበት ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለአንድ ደቂቃ ሩጫ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ በግማሽ ቀን ጉዞ ግን ፈረሱን የሚያቆመው እርሱ ነው። ገዢ የሚያደንቀው ያ ወፍራም ታፋ ሙቀቱን ለማስወጣት ይቸገራል።

በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ውድድሮች፣ ፈረሱ ካረፈ በኋላ የልብ ምቱ በተወሰኑ ደቂቃዎች ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ወደ 64፣ ካልወረደ ሐኪሞች ያሰናብቱታል። ይህ መለኪያ የሚጠይቀው ሰዓትና ከግራ ክርኑ ኋላ የሚያርፍ መዳፍ ብቻ ነው። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ ነገሌ ስትመለሱ፣ ገዢው ከብቶቹን ሸጦ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ፈረሱ አሥር ኪሎ ሜትር እንዲሄድ አድርጋችሁ ምቱን ቁጠሩለት።