ሥራን ለተተኪ ስለ ማስረከብ

በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ የሚኖሩ ቡና ተካዮች አንድ ነገር ያውቃሉ። ከትልቁ የቡና ዛፍ ሥር ፍሬ ወድቆ ይበቅላል፤ ነገር ግን በእናቱ ጥላ ሥር የተተወ ችግኝ ቀጥኖ ይቀራል እንጂ ብዙ አያፈራም። ስለዚህ ገበሬው ክረምት ሲገባ ነቅሎ በሌላ ስፍራ ይተክለዋል። የተነቀለ ችግኝ ሊደርቅ ይችላል፤ ገበሬውም ይህን እያወቀ ይነቅለዋል።

ልጆች ሆይ፥ የምእመናን ማኅበር አለቃ የሆነ ሰውም እንዲሁ በሕይወቱ ሳለ ሥራውን ለሌላ ማስረከብ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። «ገና ልጆች ናቸውና አይችሉም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የወላይታን ነገር ቢሰሙ መልካም ነው።

በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባሉ ሐኪም ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ጅማ ለመሄድ አስበው ከአዲስ አበባ ተነሡ። ነገር ግን መንገዳቸው ወደ ከምባታ፥ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳሞ ሆነ፤ በዚያም ተቀምጠው ማስተማርና ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ ምእመናን የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥራቸውም 10 ብቻ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ጣልያን አገራችንን ወረረ፤ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. መምህራኑ ሶዶን ለቀው እንዲወጡ ግድ ሆነባቸው። በዚያ ጊዜ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ። በወላይታ ቋንቋ የተተረጐመላቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ክፍል ብቻ ነበረ፤ ማንበብ የሚያውቁትም ጥቂቶች ነበሩ። መምህራኑ ይህ ትንሽ ማኅበር እንዳይጠፋ ፈርተው እያዘኑ ሄዱ።

ማኅበሩ ግን አልጠፋም። ዋንዳሮ የሚባለው ሽማግሌ ታሠረ፥ በሕዝብ ፊትም ተገረፈ፤ እርሱ ግን ማስተማሩን አልተወም። ሌሎችም እንደ እርሱ መከራ ተቀበሉ። ምእመናኑ የጸሎት ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ ከባዕድ አገር ገንዘብ የሚልክላቸው አልነበረም። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ መምህራኑ ሲመለሱ 48 የነበሩት 10,000 ያህል ሆነው አገኟቸው።

እውነቱን መሸሸግ አይገባኝም፤ መምህራኑ በፈቃዳቸው አላስረከቡም። ጠላት ባያስወጣቸው ኖሮ ሥራውን ስንት ዓመት በእጃቸው ይዘው ይቆዩ ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ዓመት ነው። የሚወድ ሰው «ይወድቃሉ» ብሎ ይፈራልና በዚህ አልነቅፋቸውም። ሆኖም ከምእመናኑ መካከል ሽማግሌዎች አስቀድመው ተመርጠው ነበረ፤ ይህ ባይደረግ ኖሮ መንጋውን ማን ይጠብቀው ነበር? ሰው ሥራውን ሲያስረክብ የሚቀበለው እጅ አስቀድሞ የለመደ መሆን አለበት፤ በመጨረሻው ቀን ብቻ በትሩን ወርውሮ መሄድ ማስረከብ አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መመለስ ነው። መምህር ሲመለስ የተወውን ወንበር ደቀ መዝሙሩ ተቀምጦበት ያገኘዋል። ያን ጊዜ «ተነሥልኝ» ሳይል ከአጠገቡ ባለው መደብ ላይ ይቀመጥ ዘንድ ብዙ ትሕትና ያስፈልገዋል። ዕውቀቱ አይጠፋም፤ ሲጠይቁት ይመክራል።

የወላይታ ሰዎችም የተቀበሉትን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። ከእነርሱ አያሌዎቹ ኦሞን ተሻግረው ከጅማ ጋር ወደሚዋሰነው ወደ ኩሎ ኮንታ ሄዱ፤ ቋንቋውንም እየተማሩ አስተማሩ።