ይሁዳ 14 ላይ የሚቆም ፍለጋ

መጽሐፍ ቅዱስ ለማጥናት ፕሮግራም መግዛት ለአብዛኞቻችን የሚታሰብ ነገር አይደለም። በዶላር የሚከፍል ካርድ የለንም፤ ቢኖረንም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ለዓመታት በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረው «ክራክ» የተደረገው ቅጂ ነው። ስርቆትን የሚከለክለውን ትእዛዝ በተሰረቀ ሶፍትዌር ስንመረምር ኖረናል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ እንደ ነውር የቆጠረው ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

አሁን ግን ሰበብ የለንም። ሪክ ማየርስ የተባለ አሜሪካዊ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢ-ስዎርድ ለዊንዶውስ በነጻ ይወርዳል። ክሮስዋይር የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር የሚያዘጋጀው ስዎርድ ደግሞ ከክፍያ ነጻ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ኮዱም ክፍት ነው፤ የቻለ ገብቶ ያሻሽለዋል። በዚሁ ላይ ተመሥርተው ለላፕቶፕ ዚፎስና ባይብልታይም፣ ለአንድሮይድ ስልክ አንድ ባይብል ተሠርተዋል። (የመጨረሻው ስም በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ ያስቀኛል፤ ሠሪዎቹ «አንድ» ያሉት ከአንድሮይድ ወስደው ነው።)

እኔ እነዚህን የምወድበት ዋናው ምክንያት ግን ነጻነታቸው አይደለም። አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። በሰኔ 2012 መጨረሻ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ከኢንተርኔት ስትቆረጥ፣ ንባባቸውን ሁሉ በኔትዎርክ ላይ የጣሉ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አዲስ አበባ ሲግናል ሰፈርም ሆነ ሌላ ቦታ ያለን እናስታውሳለን። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ሳያይ ወራት የገፋ ሰው ብዙ ነው። ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በጽሑፍ ፋይል 10 ሜጋባይት አይሞላም። በቴሌግራም የሚላክልን አንድ የሠርግ ቪዲዮ ይበልጠዋል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በየጊዜው ከደመና ላይ የምንለምንበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አምኜ ነው አንድ ቀን ላፕቶፔን ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ የገባሁት። የካ ሚካኤልን የሚሳለሙ፣ በወጣትነታቸው መጽሐፍ ቤት የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ፕሮግራሙን ከፍቼ፣ ጥቅስ ሲነካ ማጣቀሻው እንዴት ብቅ እንደሚል አሳየኋቸው። ወደዱት። መነጽራቸውን አስተካክለው የይሁዳን መልእክት እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ።

«አሥራ አራተኛው ቁጥር ላይ ሂድ።»

ሄድኩ። ስለ ሄኖክ ትንቢት የሚናገረው ቦታ ነው። ማጣቀሻውን ስነካው ዘፍጥረት 5 መጣ፤ ዘዳግም፣ ዳንኤልና ዘካርያስም ተከታትለው መጡ።

«ሄኖክስ?»

«እሱ በአማርኛ እዚህ ውስጥ የለም አባባ። በእንግሊዝኛ ግን አለ።»

ዝም ብለው አዩኝ። «የኛን መጽሐፍ ለፈረንጅ ማን ሰጠው?»

መልሱ በታሪክ ተጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ሲመለስ የግዕዙን ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ በ1773 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በኋላም አር. ኤች. ቻርልስ በሰፊው ሠራበት። የቻርልስ ትርጉም የቅጂ መብቱ ያበቃ ስለሆነ ማንም እየጻፈ ወደ ፕሮግራሙ ያስገባዋል። መጽሐፉ ግን ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። በማጣቀሻው ያልተገኘበት ምክንያትም ሚስጥር አይደለም። ብዙዎቹ ነጻ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የማጣቀሻ ስብስብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የተዘጋጀ ነው። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ማጣቀሻ ይዟል፤ የሚያውቃቸው መጻሕፍት ግን 66 ናቸው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን 81 መጻሕፍት ለሚቀበል አንባቢ ይሁዳ 14 ላይ መንገዱ ያልቃል።

እርግጥ 81ዱን የያዙ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። አውርጄ አይቻቸዋለሁ፤ ለማንበብ ያህል ይሆናሉ። አንደኛው ከጥቅሱ ሥር የኳስ ውርርድ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ እሱን ልተወውና ዋናው ነገር፣ ማንበብና ማጥናት ይለያያሉ። ለጥናት መጽሐፉ ከሌላው መጽሐፍ ጋር መያያዝ፣ ሐተታው ከጎኑ መከፈት፣ የራስ ማስታወሻ ከቁጥሩ ጋር መቀመጥ አለበት። ሄኖክና ኩፋሌ በአማርኛ እንዲህ ሆነው የገቡበት ነጻ ፕሮግራም እኔ እጅ አልገባም።

ችግሩ የኦርቶዶክሱ ብቻ እንዳይመስል። በ66ቱ የሚያጠናው ሌላው ጎረቤቴም የፍለጋ ሳጥኑ ፊት ሲደርስ ይቸገራል። በስልኩ እንደለመደው «ሀጢአት» ብሎ ይጽፋል፤ ውጤቱ ባዶ ነው። የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ «ኃጢአት» ብሎ ነው የሚጽፈው። ለኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ለየብቻቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ተገቢም ነበር። ሲፈለግ ግን አንድ አድርጎ እንዲቆጥራቸው ፕሮግራሙን ማስተማር ያስፈልጋል። ለአንድ ደህና ፕሮግራመር የጥቂት ቀን ሥራ ነው ብዬ እገምታለሁ። «በ»፣ «ለ»፣ «የ»፣ «ከ» ከቃሉ ፊት ሲለጠፉ መለየት ግን ትንሽ ይከብዳል።

መዝሙረ ዳዊትም የራሱ ጣጣ አለው። የእረኛውን መዝሙር የቤተ ክርስቲያን ሰው 22 ይለዋል፤ በእንግሊዝኛው 23 ነው። ቁጥሩን የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት አንድ መንገድ፣ ዕብራይስጡ ሌላ መንገድ ስለሚቆጥሩት ነው። ሁለቱን በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ስትከፍት ከመዝሙር 10 አካባቢ ጀምሮ አማርኛውና እንግሊዝኛው ይተላለፋሉ። ስዎርድ ለዚህ መላ አለው፤ እያንዳንዱ ትርጉም የራሱን አቆጣጠር ይዞ መግባት ይችላል። የኛን 151 መዝሙርና 81 መጽሐፍ በዚያ ሥርዓት አስተካክሎ የሚያስገባ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። እነዚህ ፕሮግራሞች ጀምስ ስትሮንግ በ1890 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የቃላት ቁጥር ይዘው ስለሚመጡ፣ ቃሉን ሲነኩት ግሪኩና ዕብራይስጡ ይወጣል። ግሩም ነገር ነው። ግን ፊደሉን የማይለይ ሰው በወሩ መድረክ ላይ ወጥቶ «በግሪኩ እንዲህ ማለት ነው» ሲል ሰምተናል። ቁጥሩ ቃሉ የሚይዛቸውን ትርጉሞች ይዘረዝራል እንጂ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የቱ እንደሆነ አይነግረውም። ይህን መለየት የሚያስተምር ሥርዓት እኛ ዘንድ ነበር፤ የአንድምታ ትርጓሜ። አንዱን ንባብ ሰጥቶ «አንድም» እያለ ሌላውን፣ ታሪኩንና ምሥጢሩን ይደረድራል። በመስኮት በመስኮት ለሚከፈት ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ሐተታ አላውቅም። በመጽሐፍ ከታተመ ቆይቷል፤ እኔ ባየኋቸው ነጻ ፕሮግራሞች ውስጥ ግን የለም።

ይህን ሥራ የሚሠራ ጉልበት ያለባቸው ቦታዎች ይታዩኛል። ሄኖክ 108 ምዕራፍ ነው፤ ኩፋሌ 50። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ በስልኩ አማርኛ የማይጽፍ ወጣት የለም፤ ምዕራፍ ምዕራፉን ቢከፋፈሉት ከአንድ ጾም አይዘልቅም። ያስቸገረው ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ2000 ዓ.ም. ያሳተመችው ባለ 81ዱ እትም ባለመብት አለው። እሱን ገልብጦ በነጻ መልቀቅ ያለ ፈቃድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ከተናገርኩት ክራክ ብዙም አይሻልም። ፈቃዱን ጽፎ የሚጠይቅ፣ ጥያቄውን ተቀብሎ «ውሰዱ፣ ግን በነጻ ይቆይ፣ አንድ ፊደልም አትለውጡ» ብሎ የሚፈርም ክፍል መኖር አለበት። ሽማግሌው ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ደብዳቤውን ራሳቸው እንደሚጽፉት ነገሩኝ። በእጅ ጽሑፍ ነው፤ እኔ ደግሞ እተይበዋለሁ።