አጥቂ አጥቂ ስንል በራችን ተከፍቶ አደረ

እስቲ በነሐሴ ዝናብ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርድ ታክሲ ተሳፈሩ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ስፖርት ላይ ካደረገው አለቀላችሁ፤ እስክትወርዱ ድረስ ወሬው የዝውውር ነው። ረዳቱ በሩን እንደያዘ "ዘንድሮ አጥቂ ካልገዛን ጉዳችን ነው!" ይላል። ከኋላ ወንበር አንዱ "አንድ ምን ያደርጋል? ሁለት ነው እንጂ!" ብሎ ይቀበለዋል። ጋቢና የተቀመጡት ጋሼ ዞር ይሉና "እናንተ መንግሥቱ ወርቁን ብታዩ ኖሮ እነዚህን አጥቂ አትሉም ነበር" ይላሉ። ስድስት ኪሎ ስንደርስ ሁለት አጥቂ፣ አንድ የመስመር ተጫዋችና አንድ "ኳስ የሚያደራጅ" አማካይ አስፈርመን ጨርሰናል። በአፋችን ያን ሁሉ ሚሊዮን ያፈሰስን ሰዎች ከታክሲው የወረድነው ግን በሳንቲም መልስ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቀን ነው።

በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል "በረኛ" ያለ ሰው አልነበረም። እኔ ሳነሣው ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነበር፤ "እሱማ ከኡጋንዳ ይመጣል!" አለቀ። ልክ እንደ ነዳጅ። ከውጭ ይመጣል፣ እዚህ ማን ይቆፍራል?

የዛሬው ጠቤ ከዚህ መልስ ጋር ነው። የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ጊዮርጊስ ነኝ፣ የምጣላውም ከራሴ ሰዎች ጋር ነው። "ሴት ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?" የምትል ካለህ ጽሑፉን ጨርስና ከዚያ ተናደድ።

መጀመሪያ ስለ አጥቂ እንነጋገር፣ ስለምትወዱት። ይህች አገር አጥቂ ትወልዳለች። ሳላዲን ሰኢድ ግብፅ ድረስ ሄዶ ለአል አህሊ ተጫውቷል። ጌታነህ ከበደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። የቡናው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ፤ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መጥቶ ወሰደው። አሁን እስቲ በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ከዚህ አገር ወጥተው በውጭ ክለብ ስም ያተረፉ በረኞችን ጥሩልኝ። እጠብቃለሁ። ቡናችሁን ጠጡና ጥሩልኝ።

ደግሞ ልብ በሉ፣ አቡበከር 29 ጎል ያገባበት ዓመት ሻምፒዮኑ ማን ነበር? ቡና አይደለም። ቡና ሁለተኛ ወጣ። ዋንጫው የሄደው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ በር ላይ ወደቆመለት ፋሲል ከነማ ነው። ኳስ አሥራ አንድ ሰው ነውና ዋንጫውን በረኛ ብቻውን አመጣው አልልም። "ጎል የሚያገባ ካለ ሌላው ይመጣል" የሚለው የታክሲ ፍልስፍና ግን በዚያ ዓመት መልሱን አግኝቷል።

ነገሩ የአንድ ዓመት ገጠመኝም አይደለም። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሲሆን በረኛው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ ዋንጫ ሲያነሣ በረኛው የኢኳቶሪያል ጊኒው ፊሊፕ ኦቮኖ ነበር። የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል፣ ሳማኬ። በ2014 እኛ፣ ኡጋንዳዊው ቻርልስ ሉክዋጎ። አራት ሻምፒዮን፣ አራት የተለያየ አገር፤ ከአራቱ አንዱ ግን ኢትዮጵያ አይደለችም። ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፣ ምክንያቱም በ2014 እኔም ማልያዬን ለብሼ ስጨፍር ነበር።

የእኛ ቤት ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል። ከሉክዋጎ በፊት ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ ነበር። ከማታሲ በፊት ለዓመታት በራችንን የጠበቀልን፣ ዛሬም ስሙ ሲነሣ ፈገግ የምንልለት ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ነበር። ከእሱ ቀደም ብሎ ደግሞ ዴኒስ ኦንያንጎ የሚባል ልጅ መጥቶ ነበር።

ሆዴን የሚያቃጥለኝ የኦንያንጎ ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ገና በሃያዎቹ መግቢያ ላይ ያለ ለጋ ልጅ ሆኖ ነው ጊዮርጊስ የመጣው። ከእኛ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በ2009 ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ ጋር የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሣ፤ በዚያው ዓመት በአህጉሩ ከሚጫወቱት ሁሉ ምርጡ ተብሎ ተሸለመ። በረኛ ሆኖ! ያን ዓመት እኛም ሻምፒዮንስ ሊጉ ምድብ ውስጥ ገብተን ነበር። ከማን ጋር ተደለደልን? ከሰንዳውንስ ጋር።

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ለካምፓላ ልጅ መንደርደሪያ መሆን የቻለ ክለብ ለሽሮ ሜዳ፣ ለቀጨኔ፣ ለአዲሱ ገበያ ልጅ እንዴት አቃተው? ለጋነቱ እኩል ነው። ልዩነቱ አንዱን "ይህ በር ያንተ ነው" ብለን አመንነው፣ ሌላውን "ቆይ፣ ገና ነህ" አልነው።

"ቆይ፣ ገና ነህ" ስንል የሚመጣውን ደግሞ በ2005 አይተነዋል። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባንበት ዓመት ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሰፈሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቤት ተጠቅጥቆ ገብቶ ነበር። ከዛምቢያ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ተነሥቶ ገባ። አዳነ ግርማ ባገባት ጎል 1 ለ 1 ወጣንና አለቀስን፣ በደስታ። ቀጥሎ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ረታን። በሦስተኛው ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፤ ቅያሪ አልቆ ስለነበር ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ሕንጻ ነው። በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ካርድ፣ መጨረሻ ላይ አማካይ በር ላይ!

ያን ቀን ሁላችንም ዳኛውን ሰደብን። ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ግን ነበር። ዘሪሁን የጊዮርጊስ ልጅ ነበር፤ ክለቡ ውስጥ ግን በሩን የያዘው ኦዶንካራ ነው። ቤንች ላይ ያስቀመጥነውን ልጅ ድንገት የአፍሪካ ሻምፒዮን ፊት አቁመን "አድነን" አልነው። በረኛነት ደግሞ በልምምድ ብቻ የሚመጣ ሙያ አይደለም። መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚቀር፣ አጥቂ ብቻውን ሲመጣበት እግሩን ይጥል ወይ ይታገሥ እንደሆነ የሚያውቀው በጨዋታ ውስጥ ተሳስቶ ነው። የእኛን ልጆች እንዲሳሳቱ አልፈቀድንላቸውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ስሕተታቸውን አህጉሩ ሁሉ እያየ ሠሩት።

ወቀሳውን ግን ለክለብ አመራሮች ብቻ ጭኜ አልሄድም። ከሰፈር ነው የሚጀምረው። የሰፈር ኳስ የተጫወታችሁ መልሱልኝ፤ በረኛ ማን ይሆናል? ትንሹ። ወፍራሙ። ኳስ የማይችለው። ማልያ የሌለው። "አንተ በር ቁም" ማለት እኛ ሰፈር የምርጫ ቃል አይደለም፣ የቅጣት ቃል ነው። በዚህ ላይ ጉለሌ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ጎል የገባበት ልጅ ኳሱን ተከትሎ እስከ ታችኛው መንደር ይሮጣል። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ጎል ያገቡበታል። እንዲህ ያደገ ልጅ በረኛነትን ይወዳል?

ሌላም ነገር አለ፣ ደጋፊ የማያየው። ማጥመልመል በኮብልስቶን ላይ ይለመዳል፤ እንዲያውም ጠጠሩ እግር ያሳላል። በረኛነት ግን የመውደቅ ትምህርት ነው። በኮብልስቶን ላይ ማን ይወድቃል? በጎን ዘልሎ ኳስ ለመያዝ ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ያስፈልጋል፣ እሱም ሰፊ ሜዳ ማለት ነው። ሜዳውን ደግሞ እናውቃለን። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ከፒያሳ አትክልት ተራን አንሥተው ጃንሜዳ ላይ አሰፈሩት፤ ለወራት ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ቦታ ሽንኩርትና ቲማቲም ተሸጠ። ሰው መብላት አለበትና ያን ጊዜ አልከራከርም። ነገር ግን አጥቂ ሜዳ ሲያጣ ወደ መንገድ ይወጣል። በረኛ ሜዳ ሲያጣ ያቆማል።

ያቆመ ልጅ እኔ ቤት አለ። ታናሽ ወንድሜ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ በፈቃዱ በር የሚቆም ብቸኛው ነበር። እናታችን ከወር ወጪ ቀንሳ ጓንት ገዛችለት። ስሙን የማልጠራው አንድ የታዳጊ ቡድን ልጆች ሲመርጥ ሄደና ተቀበሉት። እኔም አንድ ቀን ልምምዱን ላይ ሄድኩ። አሠልጣኙ ሃያ ልጆችን በኮን መሀል ያሯሩጣል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ያርማል፣ ይቆጣል። ሦስቱን በረኞች "እናንተ እዚያ ጥግ ሆናችሁ ተወራወሩ" ብሏቸዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወራወሩ። በሳምንቱም ተወራወሩ። ከወራት በኋላ ወንድሜ ጓንቱን ፌስታል ውስጥ ከቶ አልጋ ሥር አስቀመጠው። ማንም አላባረረውም። ማንም አላስተማረውም እንጂ።

አሁን የክርክሩን ሌላ ወገን ልስማ። "ክለብ የሚኖረው ለማሸነፍ ነው፣ ለብሔራዊ ቡድን ጓዳ ለመሆን አይደለም" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ኦዶንካራንም ሉክዋጎንም እወዳቸዋለሁ፤ ሙያቸውን ይዘው መጥተው ላባቸውን አፍስሰዋል። የውጭ በረኛ በአዋጅ ይከልከልም አልልም። ግብፆች ክለቦቻቸው የውጭ በረኛ እንዳያስፈርሙ ከልክለዋል፤ አራት የአፍሪካ ዋንጫ ያነሣውና በ45 ዓመቱ ሩሲያ ዓለም ዋንጫ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ያዳነው ኤሳም ኤል ሐዳሪም የእነሱው ነው። ግን ግብፆች በረኛ ያሠለጥናሉ። እኛ ሳናሠለጥን ብንከለክል የምናገኘው ያልሠለጠነ በረኛ ነው።

የእኔ ጥያቄ የቤት ኪራይ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ተከራይቶ መኖር ነውር አይደለም፣ ግማሻችን እንዲያ ነን። ሃያ ዓመት ተከራይቶ አንድ ብሎኬት አለመግዛት ግን ምን ይባላል? ኦንያንጎ ሄደ፣ ኦዶንካራ ሄደ፣ ማታሲ ሄደ። በሄዱ ቁጥር እኛ እንደገና ሻንጣ ይዘን ቤት ፍለጋ። በ2011 ክረምት ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ ሁሉም "ገንዘብ የለንም" ብሎ ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማብቀል የሚችለውን ከሱቅ አይገዛም።

ስለዚህ ዘንድሮ በታክሲው ውስጥ የምንጮኸው ይህን ይሁን። አንደኛ፣ ለዋናው ቡድን ብቻ ሳይሆን ለታዳጊና ለወጣት ቡድኖቻችንም ራሱን የቻለ የበረኛ አሠልጣኝ ይቀጠር። አንድ አጥቂ የሚያስፈርም ክለብ ይህን መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ የውጭ በረኛ ሲመጣ ከሥሩ የሚያድግ አንድ የቤት ልጅ በስም ይታወቅ፤ በዓመቱ ውስጥ ስንት ጨዋታ እንደሚሰጠው ከወዲሁ ይወሰን፣ ያም ይፈጸም። ሦስተኛው ለእኛ ለደጋፊዎች ነው፤ የውጩ ሲሳሳት "ቀኑ አይደለም" እንላለን፣ የቤቱ ሲሳሳት ግን እስከ እናቱ እንሰድበዋለን። ይህ ይቁም። ልጁ ሦስት ጊዜ ይሳሳት፤ አራተኛውን ያድናል።

ባለፈው ሰፈራችን ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታ እያየን በረኛችን ቀላል ኳስ አመለጠው። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ተነሥቶ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ በሙሉ ድምፁ "ኡጋንዳዊ አምጡልን በቃ!" ብሎ ጮኸ።

ወንድሜ ነው። ጓንቱ እስካሁን አልጋው ሥር ነው።