ለሕፃን የሚተርፈው እህል

እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ ንጹሑ ገብስ ይፈጫል፤ ለገበያም ሲጫን ነጩ ፍሬ ከስልቻው አፍ ላይ ይደረጋል። ከጎታው ግርጌ የቀረው፥ እርጥበት የነካውና የሻገተውስ ለማን ነው? «ለልጁ አጥሚት ይሆናል፤ እሳት የማያነጻው የለም» ይባላል። እኔ የምቃወመው ይህን አነጋገር ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እሳት ሻጋታውን ይገድለው ይሆናል እንጂ ሻጋታው በእህሉ ውስጥ የተወውን መርዝ አያጠፋውም። ከነዚህ መርዞች አንዱ አፍላቶክሲን ይባላል። የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። ጉበትን ይጎዳል፤ ውሎ አድሮም የጉበት ነቀርሳ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ የሻገተ በቆሎ 125 ሰዎችን ገድሏል።

«ይህ የቆላ ነገር ነው፤ ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ያለው ብርድ ያድነናል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ አፍላቶክሲን ሙቀት ይወዳል። ዳሩ ግን ደጋም የራሱ ጠላት አለው። በ1970 ዓ.ም. በወሎ፥ በዋድላ ደላንታ፥ ከገብሱ ጋር የበቀለውን ሲናር ኤርጎት የሚባል ጥቁር ሻጋታ ይዞት ኖሮ፥ እህሉን የበሉ ሰዎች እግራቸው እየጠቆረ እስከ መቆረጥ ደረሰ፤ የሞቱም አሉ። ይኸው መርዝ የምታጠባን እናት ወተት ያደርቃል፤ እንግዲህ ሕፃኑ እህሉን ሳይቀምስ እንኳ ይራባል ማለት ነው። የዳባት ገበሬ የሚዘራው ገብስ አይደለምን? ሲናርስ ከእርሻችን ጠፍቶ ያውቃልን?

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለሕፃናት በሚሠራ የእህል ምግብ ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1፥ ለአዋቂ በሚቀርበው እህል ከሚፈቅደው ከ20 እጅ አንዱን ብቻ ነው። ምክንያቱም ሕፃን ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ በየቀኑም ያንኑ አንድ ገንፎ ደጋግሞ ይበላል። እኛ ግን ሚዛኑን ገልብጠን ይዘነዋል፤ ለጠንካራው ንጹሑን፥ ለደካማው የተበላሸውን።

እናቶችን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። በክረምት ጎታው ሲራቆት፥ ያለው ያ ብቻ ሲሆን፥ ከምኑ ላይ ትምረጥ? ተወቃሹ እርጥቡን ከደረቁ ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ንጹሑን ሁሉ ለገበያ የሚያወጣ አባወራ ነው፤ ደግሞም ከጎንደር ትምህርቱን ይዞ ተመልሶ፥ የቀረበለትን ነጭ እንጀራ ሲበላ ታናሽ ወንድሙ ምን እንደሚበላ የማይጠይቅ ተማሪ ነው።

መርዙ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ተከማችቶ ስለሚገኝ መልቀም ይጠቅማል። ስለዚህ ገብሱ ከተወቃ በኋላ በፀሐይ በደንብ ይድረቅ፤ ጎታውም ከመሬት ከፍ ይበል። እህል መልቀም የሴት ሥራ ነው ብለህ አትሽሽ፤ ከእናትህ ሰፌድ አጠገብ ተቀምጠህ የጠቆረውንና የሻገተውን ፍሬ አብረሃት አውጣ። ያወጣኸውንም ለዶሮ አትበትነው፤ የእንግሊዞቹን ተርኪዎች አስብ።