የቀን ቀያሪ በስሙ ይጠራ

በድረ ገጽ ቅጽ ላይ የሚሞላ ሁሉ ለኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ተራ ጽሑፍ ነው። «5/3/1990» የሚለውን ወደ ቀን የሚለውጠው ቀያሪ ወይም ኮንቨርተር የሚባለው የፕሮግራም ክፍል ነው። በጃቫ ሰርቨር ፌስስ ማዕቀፍ ይህ ቀያሪ ቀድሞ የሚመዘገበው ከፕሮግራሙ ተነጥሎ በሚቀመጥ የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.0 እትም ግን በክላሱ ራስጌ ላይ በምትጻፍ አንዲት አኖቴሽን እንዲመዘገብ ፈቀደ። መልካም ማሻሻያ ነው።

አኖቴሽኗ ሁለት መንገድ ትሰጣለች፤ ለቀያሪው ስም አውጥቶ በተፈለገው ቦታ ብቻ መጥራት፣ ወይም ለአንድ የዳታ ዓይነት በሙሉ መመደብ። ተማሪዎቼ ሁለተኛውን ይወዳሉ፤ አጭር ነውና። እኔ ግን ለቀን ፈጽሞ አልመክረውም። የኢትዮጵያንም የጎርጎርዮስንም አቆጣጠር በሚቀበል ቅጽ ላይ ከላይ የጠቀስነው ቀን በሁለቱም ያስኬዳል፦ በአንዱ ማርች 5 ቀን 1990፣ በሌላው ኅዳር 5 ቀን 1990፣ ማለትም ኖቬምበር 14 ቀን 1997። ጳጉሜን ቢሆን ኖሮ 13ኛ ወር የማያውቀው ቀያሪ በስህተት መልእክት ያስቆመን ነበር። ይህኛው ግን ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፤ አመልካቿም በመዝገብ ላይ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ታረጃለች። በቤተ ሙከራ መለኪያው ያልተጻፈ ቁጥር እንደማንቀበል ሁሉ፣ እዚህም ለእያንዳንዱ አቆጣጠር የራሱ ስም ያለው ቀያሪ ይመዝገብ፤ ስሙም በየመሙያው ቦታ ይጻፍ። አሰልቺ መሆኑን አልክድም።