ማስታመም ለማን ይሆናል?

ሰው ሲወለድ ከሚቀበሉት እጆች፥ ሲሞትም ዓይኑን ከሚከድኑለት እጆች መካከል ብዙውን ጊዜ የነርስ እጅ ይገኝበታል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ዕድሜም ቢሆን፥ ሐኪሙ መጥቶ መርምሮና አዝዞ ወደ ሌላው በሽተኛ ይሄዳል፤ ከአልጋው አጠገብ ሌሊቱን የሚያነጋው ግን አስታማሚው ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የዕድሜ ልክ ሙያ አድርጎ የሚይዝ ወጣት ማን መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ የወጣቱና የወላጆቹ ብቻ ሳይሆን የአስተዳዳሪውም የነጋዴውም ጥያቄ ነው፤ ነገ በዚያ አልጋ ላይ የሚተኛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና።

ይሁን እንጂ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ነገሩ ሳይመረመር ነው። በአንዱ ቤት ልጅ ትምህርቷን ፈጽማ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ስትል፥ አባት «ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ ያስተማርኩሽ የሰው ቁስል ልታጥቢ ነውን?» ይላል። በሌላው ቤት ልጁ ሐሳቡ ወደ ሌላ ሙያ ያዘነበለ ሆኖ ሳለ «ደመወዙ አይቋረጥም፤ ባሕር ማዶም ይፈለጋል» ተብሎ ይገፋል። በሦስተኛው ቤት ደግሞ ለሐኪምነት የሚያበቃ ነጥብ ያጣው ልጅ «እንግዲያውስ ነርስነትም አይከፋም» ተብሎ ይጽናናል። አንደኛው በንቀት፥ ሁለተኛው በትርፍ፥ ሦስተኛው በቁጭት ፈረደ፤ ሦስቱም ግን ሥራው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ፈረዱ።

ንቀቱ አዲስ አይደለም። ፍሎሬንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1820 ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወልዳ፥ በሽተኛ ማስታመም እፈልጋለሁ ባለች ጊዜ ቤተሰቧ ነገሩን እንደ ውርደት ቆጥሮ ለብዙ ዓመታት ከለከላት። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ያስታምሙ የነበሩት በብዛት ያልሠለጠኑና ደመወዛቸው እጅግ ያነሰ ሴቶች ስለነበሩ፥ የቤተሰቧ ፍርሃት ጨርሶ ያለ ምክንያት አልነበረም። እርሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቨርት በተባለው ስፍራ ሙያውን ተማረች፤ በክሬሚያ ጦርነት ጊዜም እ.ኤ.አ. በ1854 ሌሎች 38 ሴቶችን አስከትላ ቱርክ አገር በስኩታሪ ወደነበረው የጦር ሆስፒታል ሄደች። በዚያ ወታደሩን ከጥይት ይልቅ የሚፈጀው ቆሻሻና ተላላፊ በሽታ ነበር። መንግሥት የላከው የጤና ኮሚሲዮን በ1855 የፍሳሽ መውረጃውን ካስጠረገ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ናይቲንጌልም ሟቾቹን በየሞታቸው ምክንያት ለይታ፥ ቁጥሩን በሥዕል አስረድታ ለባለሥልጣኖቹ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ1860ም በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሒሳብ ለሚያውቅ ነጋዴና መዝገብ ለሚጠብቅ አስተዳዳሪ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ይኸውም የዘመናዊው አስታማሚነት መሠረት ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በትክክል መቁጠርና መመዝገብም መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያም ቢሆን ሥራውን ማዕረግ ያላቸው ሰዎች አልናቁትም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው፥ እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስነት ማስረጃቸውን ተቀበሉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም፥ ዘግየት ብሎ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የሆኑትን አቢይ አበበን አግብተው ወደ ለቀምት ሄዱ፤ በዚያም በ1934 ዓ.ም. ገና 23 ዓመት ሳይሞላቸው በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነርሶችን ያሠለጥን ነበር፤ በኋላ ዘመንም ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። የንጉሥ ልጅ ባላፈረችበት ሥራ የነጋዴ ልጅ የምታፍርበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን ሥራው ክቡር መሆኑ ለሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ሥራውን ለማወቅ የአንዲትን ነርስ የሌሊት ተራ ማሰብ ይበቃል። ከምትተካት ባልደረባዋ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ ተረክባ ትጀምራለች። የሙቀቱን መጠን፥ የልቡን ትርታ፥ አተነፋፈሱንና የደሙን ግፊት ትለካለች፤ ትመዘግባለች። መድኃኒት ስትሰጥ ይህ በሽተኛ እርሱ ነውን? መድኃኒቱስ ያ ነውን? መጠኑስ? የሚሰጥበት መንገድስ? ሰዓቱስ? እያለች አምስቱን ነገር በየጊዜው ታረጋግጣለች፤ ከአምስቱ አንዱ ቢሳሳት ነጥቡን በቦታው ባላኖረ ሒሳብ እንደሚደርሰው ያለ ኪሣራ ሳይሆን የሰው ሞት ሊከተል ይችላልና። ራሱን ማገላበጥ የማይችለውን በሽተኛ ሰውነቱ በመኝታ እንዳይቆስል በየጥቂቱ ሰዓት ታገላብጣለች። ያጠባል፥ ያለብሳል፥ ያጎርሳል የሚባለውን ሁሉ ታደርጋለች። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ስታልፍ እጇን ትታጠባለች፤ ይህን ብትዘነጋ የአንዱን ደዌ ለሌላው ተሸክማ ትሄዳለችና። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማስተዋሏ ነው። ማታ ደኅና የነበረ ሰው ሌሊት ትንፋሹ ፈጠን፥ ፊቱ ገርጣ፥ ንግግሩ ተዘበራረቀ ሲል፥ ይህን አይታ ሐኪሙን በጊዜ የምትቀሰቅስ እርሷ ናት። የበሽተኛው መዳንና መሞት ብዙ ጊዜ በዚች አንዲት ሰዓት ይወሰናል።

ከዚህ የተነሣ ነርስነት የሐኪምነት ትርፍራፊ ወይም መወጣጫ ደረጃ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሐኪም መሆን ፈልጎ ያልሆነለት ወጣት ነርስነትን በቁጭት ቢይዝ፥ ያልደረሰበትን ወንበር እያየ የተቀመጠበትን ያበላሻል። በጤና ሥራ ውስጥ ደግሞ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ገና ከመነሻው ጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በየድርሻቸው አሠልጥኖ በአንድነት ወደየአውራጃው ይልክ የነበረው ይህን ተረድቶ ነው። ምርምር የሚወድና ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር የማይሻ ወጣት በላቦራቶሪ ሊከብር ይችላል። መለካትና ማመዛዘን የሚወድ በመድኃኒት ቅመማ፥ የእናቶችና የሕፃናት ነገር የሚያሳስባት በአዋላጅነት፥ ስለ መንደሩ ውሃና መጸዳጃ የሚቆረቆር በአካባቢ ጤና አጠባበቅ አገሩን ይጠቅማል። ስለሆነም ወጣቱ «በጤና መሥሪያ ቤት ልግባን?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው በር ልግባ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ትርፍን ብቻ አስቦ መምረጥስ? ይህን በሚመለከት የፊሊፒን አገር ታሪክ ለነጋዴ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ በነበሩት ዓመታት አሜሪካና ሌሎች ባለጸጋ አገሮች ነርስ በብዛት ይፈልጉ ስለነበር፥ በዚያች አገር የነርስ ትምህርት ቤቶች በየስፍራው ተከፈቱ፤ ሐኪሞች እንኳ ሳይቀሩ ለመሻገር ሲሉ ነርስነትን እንደገና ተማሩ። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ደርሶ የአሜሪካ በር በጠበበ ጊዜ ግን ብዙ ሺሕ ወጣቶች ማስረጃቸውን እንደ ያዙ ሥራ አጡ፤ ልምድ ለማግኘት ሲሉም በሆስፒታል ያለ ደመወዝ እስከማገልገል የደረሱ ነበሩ። ገበያ ሲደምቅ የተዘራ ሁሉ ገበያው እስኪቆይለት ድረስ አይጠብቅም። ሥራውን ወድዶ የተማረው ግን በሩ ቢጠብም ሙያው በእጁ ይቀራል፤ ሙያ በልብ ነውና።

እርግጥ ነው፥ ዓለም ነርስ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው መግለጫ እንደሚለው፥ በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ያህል ነርሶች ሲኖሩ፥ ገና 5.8 ሚሊዮን ይጎድሉ ነበር። ካሉትም ውስጥ ከመቶ 78ቱ የሚሠሩት ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 49ኙ ብቻ በሚኖርባቸው አገሮች ነው። ከዚህ አኃዝ አስተዳዳሪ የሚማረው፥ ነርሶችን ማሠልጠን ብቻ ሳይሆን ማቆየትም እንደሚያስፈልግ ነው።

ማቆየት ማለት ደግሞ ምክርና ውዳሴ ማለት አይደለም። በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች በ300 ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፥ ከ420 ሺሕ በላይ የሆኑ የቀዶ ጥገና በሽተኞችን ተመልክቶ፥ በአንድ ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር ከገቡ በ30 ቀን ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በመቶ 7 ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። አስተዳዳሪው በወረቀት ላይ የቆረጠው የሠራተኛ ቁጥር በበሽተኞች ክፍል ውስጥ በሰው ነፍስ ይከፈላል ማለት ነው። «ሥራው ጽድቅ ነውና ደመወዝ አይጠየቅበትም» የሚለው አነጋገርም ሊቀር ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ልጆቹን የሚያሳድገው በጽድቅ ሳይሆን በደመወዝ ነው፤ ነርስነት ሙያ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

እንግዲህ ወጣቱ ራሱን በምን ይመዝን? በመጀመሪያ፥ ቃል ከመስጠቱ አስቀድሞ ሥራው በሚሠራበት ስፍራ ፈቃድ አግኝቶ ጥቂት ቀን ይዋል፤ ከተቻለም ይደር። የደምና የቁስል ሽታ በመጀመሪያው ቀን ቢያጥወለውለው አይደንግጥ፤ ብዙ ጥሩ ነርሶች እንዲሁ ጀምረዋል፥ ይህ በልምድ የሚለቅ ነገር ነው። በልምድ የማይለቀው ሌላ ነው። ስሙን እንኳ የማያውቀው በሽተኛ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራው ልቡ በቁጣ የሚሞላ፥ ስሕተት በሠራ ጊዜ ከመናገር መሸሸግን የሚመርጥ፥ ትእዛዝ ሲሰጠው ያልገባውን መጠየቅ የሚያፍር ሰው ከዚህ ሥራ ቢርቅ ለራሱም ለበሽተኛውም ይሻላል። ስሕተቱን ወዲያው የሚያስታውቅ ነርስ ሰው ያድናል፤ የሚደብቀው ግን ዕውቀቱ ምንም ቢበዛ ያስፈራል።

ሁለተኛም፥ አካሉንና ቤቱን ይመርምር። በሽተኛ ማንሣት ወገብን ይጎዳል፤ የሌሊት ተራ እንቅልፍን ያዛባል፤ መርፌና ተላላፊ በሽታም የራሳቸው አደጋ አላቸው። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ በቤቱ ሲሰበሰብ ነርስ ተራው ከደረሰ በሥራው ላይ ይገኛል። ይህን ወላጆችም፥ የወደፊት ባል ወይም ሚስትም አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል። በሰርግ ማግሥት የሌሊት ተራ ጠብ የሚያስነሣ ከሆነ ጥፋቱ የሥራው ሳይሆን አስቀድሞ ያለመነጋገር ነው። መጥኖ መደቆስ ሳይጣድ በፊት ነው።

ሦስተኛም፥ ወንድ ከሆነ «ይህ የሴት ሥራ ነው» የሚለውን ቃል አይስማ። በዓለም ላይ ካሉት ነርሶች የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው እውነት ቢሆንም፥ በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች ወንዶች ነርሶችም ብዙ ናቸው፤ የታመመውም ሰው የሚሻው የሚያውቅና የሚያዝን እጅ እንጂ የወንድ ወይም የሴት እጅ ብሎ አይመርጥም። ክብሩ እንዲጠበቅለት የሚሻ በሽተኛ ቢኖር እንኳ ይህ በሥራ አመዳደብ የሚፈታ ነገር ነው።

አስተዳዳሪዎችም በበኩላቸው ወጣቶችን በፈተና ነጥብ ብቻ እየደለደሉ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ከመስደድ ሊጠነቀቁ ይገባል። ያለ ፈቃዱ መዝገብ ቤት የተመደበ ሠራተኛ ደብዳቤ ያዘገያል፤ ያለ ፈቃዱ ከበሽተኛ አጠገብ የተመደበ ግን የሚያዘገየው የሰው እስትንፋስ ነው። ነጋዴዎችም ልጆቻቸው ወደዚህ ሥራ ሲያዘነብሉ እንደ ኪሣራ አይቁጠሩት። ንግዱን የሚወርስ ልጅ ለቤቱ ይጠቅማል፤ በሽተኛ የምታስታምም ልጅ ግን ለቤቷም ለከተማዋም ትጠቅማለች፤ አባትየው ራሱ በሸመገለ ጊዜ የዚህን ሒሳብ ትርፍ ማንም ሳያስረዳው ያየዋል።

ስለዚህ ልጅ «ነርስ ልሁን» ብላ በመጣች ጊዜ ከአባት የሚጠበቀው እሺ ወይም እምቢ ማለት ሳይሆን፥ «ሌሊቱን አይተሽዋልን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ካላየች ሄዳ ትየው። አይታ ከተመለሰችና አሁንም ያንኑ ከተናገረች ግን መንገዷን የሚዘጋባት ሰው የሚዘጋው በልጁ ላይ ብቻ ሳይሆን ባልታወቀ ሌሊት እርሷን በሚጠራ በሽተኛም ላይ ነው።