ሸራው የት አለ?

«ክረምት» የምትባለው ቃላችን የደጋ ልጅ ናት። ሐምሌን ስንጽፍ ብዕራችን ሳይጠየቅ ይዘንባል። ነጌሌ ቦረና ላይ ግን ይህ የግጥም ዘመን አቆጣጠር አይሠራም። የእዚህ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው ገና ነው (የልደቱን ገና ማለቴ አይደለም)፤ ሁለተኛው፣ ሃገያ፣ በመስከረም ማብቂያ ገደማ ይጀምራል። ሐምሌ ደመናውና ቀዝቃዛ ነፋሱ እንጂ ዝናቡ የለም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቤት ዕቃ ልናገር ብዬ ነው። እንደ እኔ ያለ የባንክ ሠራተኛ ኑሮው በዝውውር ደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ ነገሩ በደላላ፣ በአይሱዙና በጫኝና አውራጅ ያልቃል። ርካሹ ተመላሽ መኪና ነው፤ ሸቀጥ አራግፎ ባዶውን ወደ መሀል አገር የሚሄድ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ሸራው መታየት አለበት እላለሁ።

ሾፌሩ ወደ ሰማይ እያመለከተ «የምን ዝናብ?» ይላል። ለነጌሌ እውነቱን ነው። መንገዱ ግን በዋደራና በአዶላ በኩል አድርጎ ወደ ቦሬ ይወጣል፤ ቦሬ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በሐምሌ ጉሙም ዝናቡም አይለየውም። በደረቅ አገር የተጫነ ፍራሽ ሐገረ ሰላም ሲደርስ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ ይሆናል። ስለዚህ ሸራው ተዘርግቶ ወደ ፀሐይ ይነሣ፤ ቀዳዳ ካለው ብርሃኑ ይናገራል። መኪናው ትናንት ምን እንደ ጫነም ይጠየቅ። ከእኛ አገር ወደ ሞጆ ቄራዎች የሚሄደው ፍየል ነው፤ ሳይታጠብ በቀረ ወለል ላይ መጽሐፍ አይደረደርም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አሳሪውን መምረጥ ነው። በሞያሌ አቅጣጫ ያሉት የገብራ አርብቶ አደሮች ቤታቸውን ፈትተው በግመል ይጭናሉ። ቤቱን የምትፈታውም መልሳ የምትተክለውም ሴቲቱ ናት፤ ያሰረችውን ገመድ ራሷ ስለምትፈታው፣ ማታም እዚያው ስለምታድር፣ ሥራዋ አይላላም። የእኛ ጫኝ ግን ሒሳቡን ተቀብሎ እዚሁ ይቀራል፤ ቋጠሮው ቦሬ ላይ ቢላላ ምን ገዶት? እንግዲህ ጥቂት ጨምሮ ረዳቱን ማሳሰር፣ የክፍያውንም እኩሌታ ለማራገፊያው ማቆየት ይሻላል። ደላላው ያጉረምርም።

መጻሕፍት ከጋቢናው ጀርባ፣ ከወለሉ ከፍ ብለው፣ በላስቲክ ተጠቅልለው ይጫናሉ። በቀለም የተጻፉት የግጥም ደብተሮቼ ግን ጋቢና ውስጥ፣ ጭኔ ላይ ናቸው።